ያልቆጠርኳቸው ልጆች

አሰላ ውስጥ በአንድ አጸደ ሕፃናት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ሦስት ነገር ተረከብኩ፤ የእጅ ደወል፣ የአፍንጫ መጥረጊያ ጨርቅና የመጸዳጃ ቤቱን ቁልፍ። ማዕረጌ ረዳት መምህርት ነበር። ጠመኔ እንኳ አልተሰጠኝም። ዋና መምህርቷ ወይዘሮ ብርሃኔ፣ ሁላችንም እትዬ ብርሃኔ የምንላቸው፣ «ጠመኔው የትም አይሄድም፤ መጀመሪያ ልጆቹ ይልመዱሽ» አሉኝ።

ልጆቹ ተሰልፈው ሲገቡ በሩ ላይ ቆሜ ሥራ አዋቂ ለመምሰል፣ «እትዬ፣ ስንት ናቸው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እትዬ ብርሃኔ የሰደብኳቸው ያህል ዞር ብለው አዩኝ።

«ስንት ናቸው ይባላል እንዴ? የሰው ልጅ እኮ ነው!» አሉ። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አትቁጠሪያቸው፤ እወቂያቸው። ማን እንደጎደለ ዓይንሽ ይንገርሽ» አሉኝ።

ትእዛዙ ከበደኝ ብል ውሸቴን ነው። እንዲያውም እፎይ ነው ያልኩት። ጥያቄውን የጠየቅኩት ለአፌ ያህል ነበር፤ ቁጠሪ ብለውኝ ቢሆን የምገባበት ይጠፋኝ ነበር። ትምህርት ጽሕፈት ቤት የልጆቹን ብዛት ላኩ ሲል እትዬ ብርሃኔ ልጆቹን ወደ ሜዳ አስወጥተው ባዶ ወንበሮቹን ይቆጥሩና ያን ቁጥር ይልኩ ነበር። ወንበር ቢቆጠር ማንም አይታመምም። እኔም ስምንት ዓመት ሙሉ እዚያ ስሠራ አንድም ቀን አልቆጠርኩም፤ አንድም ልጅ አልጠፋብኝም።

ያደግኩት እዚያው አርሲ፣ ጎበሳ ነው። የተቆጠረ ይጎድላል ስለሚባል እዚያ ከብትም ልጅም አይቆጠርም። የእኛ ቤተሰብ በቅድመ አያቶቻችን ከሸዋ የመጣ ነው፤ ጎረቤቶቻችን ደግሞ አርሲ ኦሮሞዎች ናቸው፤ በሌላ በሌላው ብንለያይም በዚህ አንድ ነን። ከብቶች ማታ ሲገቡ ባለቤቱ በረት በር ላይ ይቆማል፤ የጎደለችውን በመልኳ ያውቃታል። ስንት ልጅ አለሽ የተባለች እናት «እግዜር የሰጠኝን ያህል» ብላ ታልፋለች፤ ካጨናነቋት አንድ ቀንሳ ትናገራለች።

እኔ ግን ልማድ ብቻ አልነበረም የያዘኝ። ሰባት ዓመት ሳይሞላኝ አንድ የጤና ጣቢያ ሰው ልጆችን ለክትባት ሊመዘግብ ግቢያችን መጣ። ከግድግዳው ሥር አሰልፎን በእስክሪብቶ እየጠቆመ «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» አለ። እስክሪብቶው እኔ ላይ ሲደርስ ዓይኔን ጨፈንኩ፤ ሰውየው እስኪወጣም አልገለጥኩም። ሁለት ወር ሳይሞላ ትንሹ ወንድሜ ታምሩ በኩፍኝ ሞተ። ለቅሶ ላይ ሴቶቹ «ተቆጠሩ እኮ» ሲባባሉ ሰማሁ። እማዬ ምንም አልመለሰችም። ከዚያ ወዲያ ሰው ሲቆጠር ባየሁ ቁጥር ፊቴን አዞር ነበር።

ተማርኩ፤ ሰርተፊኬት ያዝኩ፤ ኩፍኝ በምን እንደሚተላለፍም ለወላጆች አስተማርኩ። ፍርሃቱ ግን ከትምህርቱ ጋር ሳይተዋወቅ ለብቻው ኖረ።

ወደ ውጭ የመሄዱን ሐሳብ ያመጣችው አብራኝ የምትሠራ ጓደኛዬ ናት። ካናዳ ውስጥ የሕፃናት አስተዳደግና ትምህርት በሁለት ዓመት ዲፕሎማ የሚሰጥ ኮሌጅ እንዳለ ኢንተርኔት ላይ አይታ ነገረችኝ። እሷ በሦስተኛው ቅጽ ተሰላችታ ተወችው፤ እኔ ቀጠልኩ። የበቆጂ ልጆች ሮጠው የሚደርሱበትን አገር እኔ ፎርም ሞልቼ ደረስኩበት። ለቪዛው በጻፍኩት ደብዳቤ ተምሬ ተመልሼ አሰላ ላይ አስተማሪዎችን እንደማሠለጥን ቃል ገባሁ። ያን ስጽፍ ከልቤ ነበር፤ አውሮፕላኑ ሲነሳ ግን ከልቤ ውስጥ የቀረው ፍርሃት ብቻ ነበር። የወንበሩን መደገፊያ ጨብጬ እስክንደርስ አልለቀቅኩትም።

የደረስኩባት ከተማ ዙሪያዋን የስንዴ ማሳ ናት። ከስንዴ አገር ወጥቼ ስንዴ አገር ገባሁ ብዬ ትንሽ ተጽናናሁ። በጥቅምት በረዶው ሲጀምር ማጽናኛዬ ከሥሩ ተቀበረ።

በመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት ስለ ደኅንነት ስንማር መምህሯ እንዲህ አለች፤ «ልጆች ከበር ሲወጡ፣ ሲመለሱ፣ በመሃልም በየግማሽ ሰዓቱ ይቆጠራሉ። እያንዳንዱን ልጅ በእጃችሁ ነክታችሁ፣ ድምፅ አውጥታችሁ ትቆጥራላችሁ። ቁጥሩን ጽፋችሁ ትፈርማላችሁ።» ደብተሬ ላይ ገለበጥኩት። መዳፌ ላብ በላብ ስለሆነ ወረቀቱ ተጨማደደ። በእንግሊዝኛ መቁጠር እንዳለመቁጠር ነው ብዬ ራሴን ለማታለል ሞከርኩ፤ ማደሪያዬ ገብቼ ጫማዎቼን በእንግሊዝኛ ቆጠርኩ፤ ምንም አልሆንኩም። የክፍል ጓደኞቼን ፎቶግራፍ አውጥቼ ስሞክር ግን አፌ ደረቀ።

ለመምህሯ ልነግራት ይገባ ነበር። ምን ብዬ? «ሕፃናት መጠበቅ ልማር መጥቻለሁ፤ ሕፃናት መቁጠር ግን እፈራለሁ» ልበላት? በማግስቱ መልሰው የሚጭኑኝ መሰለኝ። የሆዴን በሆዴ ይዤ ዝም አልኩ።

በሁለተኛው ወሰነ ትምህርት ለተግባር ልምምድ አንድ የሕፃናት ማቆያ ውስጥ ተመደብኩ። የሦስት ዓመት ልጆች ክፍል ነው፤ ልጆቹ ዐሥራ ሁለት ናቸው። ዛሬ ይህን ቁጥር እጽፈዋለሁ፤ ያኔ ግን በሐሳቤም አልጠራውም ነበር። የክፍሉ ኃላፊ ማርጋሬት ትባላለች፤ ስድሳ ዓመት የሚሆናት፣ ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች፣ ቁልፎቿን አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል፣ በዚህ ሥራ ላይ ሠላሳ ዓመት ያሳለፈች ሴት። የሚያግዛት ጄን የምትባል ልጅ እግር አስተማሪ አለች።

«ማርጋሬት ብቻ በይኝ» አለችኝ በመጀመሪያው ቀን። በአፌ ማርጋሬት አልኳት፤ በልቤ እትዬ ማርጋሬት ነበሩ።

የመጻፊያ ሰሌዳ ሰጠችኝ። ላዩ ላይ ቅጽ ተቆንጥጧል፤ ሰዓት፣ የልጆች ቁጥር፣ ፊርማ። «እስክትለምጂ ድረስ አብረን እንቆጥራለን፤ ከእኔ በኋላ አንቺ ትደግሚያለሽ» አለች።

እሷ የየልጁን ትከሻ እየነካች ጮክ ብላ ትቆጥራለች። እኔ ከኋላዋ ከንፈሬን አንቀሳቅሳለሁ፤ ድምፅ ግን አላወጣም። ከዚያ በጎበሳ በረት እንዳየሁት በፊታቸው እለያቸዋለሁ። ኦሊቨር አለ፣ ኖራ አለች፣ መንታዎቹ አሉ፣ ጥርሱ የወለቀው አለ። ኮት መስቀያዎቹንም አያለሁ፤ ኮት የተሰቀለበት ሁሉ ባለቤቱ ክፍል ውስጥ ነው። የጎደለ ከሌለ «12» ብዬ እጽፍና እፈርማለሁ። አምስት ሳምንት እንዲህ ሄደ። እውነቱን ለመናገር ኮርቼም ነበር። ማርጋሬት አንድ ጊዜ፣ «አንድ ልጅ ገና ሊያመው ሲል ታውቂዋለሽ፤ እንዴት ነው?» አለችኝ። እኔም «አገሬ እንዲህ ነው የምንሠራው» አልኳት።

ኖራ ብዙ የማትናገር፣ የማታለቅስ ልጅ ነበረች። ያስቀመጧት ቦታ ትቀመጣለች፤ ያስያዟትን ትይዛለች። ኦሊቨር ደግሞ አንድ ቦታ የማይረጋ ቀበጥ ነው። ለዚህ ነው ማርጋሬት ለእግር ጉዞ ሁለቱን ያጣመረቻቸው። ልጆቹ ሁልጊዜ የሚሄዱት ሁለት ሁለት ሆነው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው።

በየካቲት አንድ ረፋድ ላይ አቅራቢያችን ወዳለ መናፈሻ ወሰድናቸው። ብርዱ የበቆጂን ብርድ የሚያስመሰግን ነው። ሁሉም ከራስ እስከ እግር አንድ ዓይነት ወፍራም የበረዶ ልብስ ለብሰዋል፤ ቆቡ ግንባራቸውን፣ የአንገት ልብሱ አፍና አፍንጫቸውን ይሸፍናል። ከዓይናቸው በቀር የሚታይ የለም። መውጫው ላይ የቆጠረችው ማርጋሬት ነበረች፤ እኔ ከሥሯ ፈረምኩ።

ለመመለስ ስናሰልፋቸው ኦሊቨር ነሰረው። ደሙ በረዶው ላይ ሲንጠባጠብ ልጆቹ ተንጫጩ። ማርጋሬት ከሰልፉ አውጥታ አቀፈችው፤ አፍንጫውን በመሐረብ ይዛ፣ «ጽጌ፣ ቁጠሪና ፈርሚ፤ እንሂድ» አለችኝ። ጄን ከፊት መንገድ ጀምራለች።

ሰሌዳዬን ይዤ ከሰልፉ ጎን ቆምኩ። ፊታቸውን ፈለግኩ፤ ፊት የለም። ኮት መስቀያ የለም። እጄን አንስቼ የመጀመሪያውን ልጅ ትከሻ ነካሁ፤ «አንድ» ልል አፌን ከፈትኩ። የጤና ጣቢያው ሰውዬ እስክሪብቶ ዓይኔ ላይ ድቅን አለ። እጄን ሰበሰብኩ። ሰልፉን ዳር እስከ ዳር አየሁት፤ ሁሉም ሁለት ሁለት ሆነው እጅ ለእጅ ተያይዘዋል፤ ብቻውን የቆመ ልጅ የለም። ሙሉ ነው አልኩ። «12» ብዬ ጻፍኩ፤ ፈረምኩ።

ኦሊቨር ከሰልፉ ሲወጣ ጥንዱ ብቻዋን መቅረት እንደነበረባት አላሰብኩም። ብቻዋን የቆመ ልጅ ማጣቴ ሊያስደነግጠኝ ሲገባ አረጋጋኝ።

ማቆያው ሰባት ደቂቃ መንገድ ነው። ገብተን ልብሳቸውን ማውለቅ ጀመርን። እያንዳንዱ ልብሱን ወስዶ ስሙ በተጻፈበት መስቀያ ይሰቅላል። አንዱ መስቀያ ባዶውን ቀረ። ስሙን አነበብኩት፤ ኖራ ይላል። መጸዳጃ ቤቱን አየሁ፤ የለችም። ጠረጴዛ ሥር አየሁ፤ የለችም።

«ኖራ!» ብዬ ጮህኩ። ከአፌ የወጣው የራሴ ድምፅ አልመሰለኝም። ማርጋሬት ቀና ብላ መስቀያውን አየች፤ ከዚያ እኔን። ኦሊቨርን ለጄን ጣለችላትና ወጣች። እኔ ግን ቀድሜያት በሩን አልፌ ነበር፤ ኮቴን አልለበስኩም።

መንገዱ ዳር በረዶ የሚጠርግ ትልቅ መኪና ቆሟል። የመናፈሻው አጥር በአንድ በኩል ክፍት ነው። እየሮጥኩ የምላት አንዲት ነገር ነበረች፤ «ታምሩ፣ ታምሩ፣ ታምሩ።» የወንድሜን ስም ለምን እንደምጠራ አላውቅም። በበረዶው ሁለት ጊዜ ወደቅኩ። ሰው ሊሞት ሲል እንዲህ ይሰማዋል እያልኩ ሳስብ ትዝ ይለኛል፤ የምሞተው ግን እኔ እንዳልሆንኩ አውቅ ነበር።

ኖራ ከሸርተቴው ጀርባ ቁጭ ብላለች። በጓንቷ በረዶ እያፈሰች ትከምራለች። የአንገት ልብሷ ወርዶ ጉንጯ ቀልቷል። ቀና ብላ፣ «ኦሊቨርስ?» አለችኝ። ጥንዷን እየጠበቀች ነበር። አንሥቼ አቀፍኳት፤ ከዚያ እሷን እንደያዝኩ በረዶው ላይ ተቀመጥኩ። ማርጋሬት ስትደርስ እያለቀስኩ ነበር፤ ኖራ እንባዬን በጓንቷ ትነካካለች።

ተመልሰን፣ ልጅቷን አሙቀን፣ ጣቶቿን አንድ በአንድ ካየን በኋላ ማርጋሬት ሰሌዳውን ከፊቴ አስቀመጠች። ፊርማዬ እዚያው ነው።

«ቆጥረሽ ነበር?» አለችኝ።

መልሱ ተዘጋጅቶ አፌ ላይ ነበር፤ «ቆጥሬ ነበር፤ ግን ተሳስቼ ይሆናል።» የተሳሳተ ሰው ይመከራል፤ ሳይቆጥር የፈረመ ሰው ይባረራል። ደንቡን አሳምሬ አውቀዋለሁ። ብባረር ልምምዱ ይወድቃል፤ ልምምዱ ከወደቀ ኮሌጁ ይቀራል፤ ከኮሌጁም ጋር ካናዳ የመቆየት ፈቃዴ። ኖራ ጭኔ ላይ ተቀምጣ ትኩስ ወተት ትጠጣለች። ክብደቷ ይሰማኛል።

«አልቆጠርኩም» አልኳት።

«ዛሬ ብቻ?»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ።»

ማርጋሬት መነጽሯን አወለቀች። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ ያየሁት ግን ፍርሃት ነው። «እኔም ቆጠራውን ለተማሪ ብቻ መተው አልነበረብኝም» አለች። «ይህን ሁለታችንም እንጽፋለን።» ጻፍን። እኔ በጻፍኩት ላይ ስለ ጎበሳ፣ ስለ እስክሪብቶውና ስለ ታምሩ ሁሉንም አስገባሁ። ሰበብ እንዳይመስልብኝ ፈርቼ ሁለት ጊዜ ሰረዝኩት፤ ሦስተኛ ጊዜ መልሼ ጻፍኩት።

ማታ የኖራ አባት መጣ። ይጮኽብኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልጮኸም። «ስንት ደቂቃ ብቻዋን ነበረች?» ብሎ ጠየቀ። «ሃያ ደቂቃ አይሞላም» አለው የማቆያው ዳይሬክተር። ሰውየው የልጁን የበረዶ ልብስ ዚፕ ሊዘጋ ደጋግሞ ሞከረ፤ አልዘጋ አለው። ሊያግዘው የደፈረ አልነበረም፤ እኔማ ምኑን! ያ ያልዘጋ ዚፕ ዛሬም ሕልሜ ውስጥ ይመጣል።

ልምምዱን ወደቅኩ። ኮሌጁ ጉዳዬን እስኪያይ አራት ሳምንት ጠበቅኩ። ሻንጣዬን አዘጋጅቼ ከበሩ ሥር አስቀመጥኩት። ለእማዬ ስልክ ስደውል «ደህና ነኝ» እላታለሁ፤ «ድምፅሽ ከሳ» ትለኛለች።

በመጨረሻ የኮሌጁ ኃላፊ ጠራኝ። ማርጋሬት ደብዳቤ ጽፋለች። ምስጋና ያለበት ደብዳቤ አልነበረም። «ይህች ተማሪ ልጅ ለሞት ልትዳርግ ነበር። ውሸት ሊያድናት ሲችል እውነቱን ተናገረች። ልምምዱን ትድገም፤ ግን እኔ ዘንድ ትድገም፤ ሌላ ሰው ምኗን መከታተል እንዳለበት አያውቅም» ይላል። እንድደግም ተፈቀደልኝ።

ስመለስ ማርጋሬት ሰላም እንኳ ሳትለኝ ወደ ልጆቹ ወሰደችኝ። እጄን ከላይ በእጇ ይዛ የመጀመሪያው ልጅ ራስ ላይ አስቀመጠችው።

«በቋንቋሽ ቁጠሪ» አለችኝ። «የምትፈሪው በእሱ ከሆነ በእሱ ቁጠሪ።»

«አንድ» አልኩ። ማርጋሬት እጄን ወደሚቀጥለው ልጅ አሻገረችው። «ሁለት።» ሰባት ላይ ስደርስ ላብ ጀርባዬ ላይ ይወርዳል። ኖራ ዘጠነኛ ነበረች፤ እጄ እሷ ላይ ሲያርፍ ቀና ብላ ሳቀች። ጨረስኩ። ሁሉም አሉ። ያን ሳምንት በሙሉ ከመካከላቸው አንዱ ያስለ እንደሆነ እያልኩ ስጨነቅ ሰነበትኩ። ማንም አልታመመም። ፍርሃቴ ግን በዚህ አልጠፋም፤ በሚቀጥለው ሳምንትም፣ በሚቀጥለው ወርም ከእኔው ጋር ቆጠረ።

ዲፕሎማዬን ይዤ አሰላ ስመለስ ግማሹ ሰው አብዳለች አለ፤ ግማሹ ተባርራ ነው አለ። ሁለተኛዎቹ ወደ እውነቱ ምን ያህል እንደቀረቡ አያውቁም። እትዬ ብርሃኔ ጡረታ ወጥተው ስለነበር ቦታቸው ለእኔ ተሰጠ። መጀመሪያ ያደረግኩት ነገር የቆጠራ ቅጽ አባዝቼ በየበሩ መስቀል ነው።

ረዳቴ ፋጡማ የኦጎልቾ ልጅ ናት፤ ጎበዝ ሠራተኛ። ቅጹን አይታ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«እትዬ ጽጌ፣ ኢጆሌን? ልጆቹን? እናቴ ብትሰማ ቤት አታስገባኝም!»

«የእኔም እናት አታስገባኝም» አልኳት። «ነይ፣ እጅሽን አምጪ።»

ወሬው ከተማውን ለመዞር ሁለት ቀን አልፈጀበትም። እናቶች ተሰብስበው መጡ፤ «ልጆቻችንን እያስቆጠረች ነው» አሉ። የኖራን ነገር ምንም ሳልደብቅ፣ ጥፋቴንም ሳላሳንስ ነገርኳቸው። ሁለት እናቶች ልጆቻቸውን አስወጡ። የቀሩት ወደየቤታቸው ሄዱ፤ በማግስቱ በር ላይ ቆመው ስንቆጥር አዩ። አንዷ ልጇ እስኪቆጠር ፊቷን አዙራ ቆማ፣ ሲያልቅ ዞር ብላ ልጇን ሳመችው። ፍርሃቷን አልቀየምኩባትም፤ አውቀዋለሁና።

ባለፈው ዓመት እማዬ ዓይኗን ለመታከም ከጎበሳ መጥታ እኔ ዘንድ ሰነበተች። አንድ ጠዋት ከእኔ ጋር ትምህርት ቤት ልሂድ አለች። ግቢው ውስጥ አግዳሚው ላይ አስቀመጥኳት። ልጆቹ ከሜዳ ሲመለሱ መቁጠር ግዴታዬ ነው። እሷ ፊት መቁጠሩ ማርጋሬት ዘንድ ከቆጠርኩት ቀን የባሰ አስፈራኝ። ቢሆንም በሩ ላይ ቆሜ እጄን በየራሳቸው ላይ እያሳረፍኩ፣ ጮክ ብዬ እስከ መጨረሻው ቆጠርኩ። ፈረምኩ። ሄጄ አጠገቧ ተቀመጥኩ፤ ቀና ብዬ አላየኋትም።

«ጨረስሽ?» አለችኝ።

«ጨረስኩ፤ ሁሉም አሉ።»

«ያ ሰውዬ ግን አልጨረሰም» አለች።

«የቱ ሰውዬ?»

«የጤና ጣቢያው።» ነጠላዋን ጉልበቷ ላይ ታጣጥፋለች፤ ትፈታለች። «ታምሩ ግቢው ውስጥ አልነበረም። ሙሉውን ላለመናገር ብዬ ጓዳ ደብቄው ነበር። እንደ ሰው ሁሉ አንድ ቀነስኩ። በሳምንቱ መርፌውን ይዘው ሲመጡ በተጻፈው ልክ ነው የመጡት። ‹ሌላ ልጅ አለሽ ወይ?› አለኝ ያው ሰውዬ። ‹የለኝም› አልኩት። ታምሩ ጓዳ ውስጥ እየሰማኝ።»

ተከትቦ እንዴት በኩፍኝ እንደሞተ ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ አልጠየቅኩም። ወላጆችን ስለ ኩፍኝ ሳስተምር እንኳ አልጠየቅኩም። ዓይኔን ጨፍኜ ስለነበር ሰልፉ ውስጥ አለመኖሩን አላየሁም።

«እማዬ፣ ሴቶቹ ተቆጠሩ እኮ ሲሉ…» አልኩ።

«ምን ልበላቸው? ልጄ አልተቆጠረም ነበር ልበላቸው?» አለች። አላለቀሰችም። እንባዋን ቀድሞ የጨረሰችው ይመስለኛል። እጇን ያዝኩ።

ግማሽ ሰዓቱ ሲሞላ ደወሉ ተደወለ። ፋጡማ ልጆቹን አሰልፋ ወደ እኔ ታያለች። ልነሳ ስል እማዬ፣ «ድምፅሽን ከፍ አድርጊው፤ ልስማ» አለችኝ። ቆጠርኩ። ዞር ብዬ ሳይ ከንፈሯ ከእኔ ጋር ይንቀሳቀሳል፤ እኔ ከጨረስኩም በኋላ አንድ ቁጥር ጨመረች።

ለአዲስ ረዳት መምህርት በመጀመሪያው ቀን ደወሉን፣ ጨርቁን፣ ቁልፉንና ሰሌዳውን አስረክባታለሁ። የምነግራት ይህን ብቻ ነው። እጅሽን አሳርፊ፤ ድምፅ አውጪ፤ ያልቆጠርሽውን አትፈርሚ። ፍርሃቱ እስኪለቅሽ አትጠብቂ፤ እኔን እስካሁን አልለቀቀኝም። እየፈራሽ ቁጠሪ።